ወስፌ ያልነካው ኮከብ

ልብስ ሰፊዋ ወስፌዋን ጥቁሩ ሸራ ላይ ተከለች፣ አሽከረከረች፣ ነቀለች። ቀዳዳው እንዳይተረተር ዙሪያውን በክር ለቀመችው። ጉልበቷ ላይ የሳይንስ መምህሩ የሰጣት ወረቀት ተዘርግቷል፤ ነጥቦቹ ከዋክብት ናቸው። ሸራው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ድንኳን ሆኖ ሲቆም፣ ብርሃን በቀዳዳዎቹ እየሾለከ ሰማይ ይሆናል። ነገ እንግዶች መጥተው ልጆቹን እዚያ ውስጥ ይፈትናሉ። አንድ ልጅ ብቻ መርጠው ሩቅ አገር ወዳለው የጠፈር ትምህርት ቤት ይወስዳሉ። መምህሩ ተስፋ የጣለው በልጅ ልጇ ላይ ነው።

አንዱን ነጥብ ግን ዘለለችው፤ ከአድማሱ ጥግ ያለውን፣ ትልቁን። እናቷ ያ ኮከብ ሲወጣ የልጆቿን ዓይን በመዳፏ ትሸፍን ነበር። "በጣቱ የጠቆመበትን ሰው ይጠራዋል" ትላቸው ነበር። ታናሽ እህቷ ስቃ ጠቆመችው። በሦስተኛው ቀን ውሃ ልትቀዳ ወንዝ ወርዳ በዚያው ቀረች።

ከሰዓት መምህሩ መጥቶ ሸራውን በመስኮቱ ብርሃን አየው። "እማማ፣ ሰማዩን እንደ ሱሪ አሳጠሩብኝ እንዴ? ዋናው የለም እኮ! ነገ የሚጠይቋት እሱን ነው።"

"ዓይኔ ነው ልጄ፣ ደክሟል።"

"ክር ሲያስገባ የማይደክም ዓይን!" አለች የልጅ ልጇ ከበሩ። "አያቴ፣ ንገሪው በቃ።"

ይስቅብኛል ብላ እየፈራች ነገረችው። አልሳቀም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "መቼ ነበር የሚወጣው?"

"ወንዙ ሊሞላ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው።"

"ታዲያ እናትዎ ልጆቻቸውን ከወንዙ ነበራ የሚጠብቁት።"

ይሆናል፤ እንዲህ አስባው አታውቅም። ፍርሃቷ ግን ንቅንቅ አላለም። ልጅቷ ወስፌውን ስታነሳ፣ "እጅሽን ሰብስቢ!" ብላ ጮኸችና ነጠቀቻት። የሚጠራ ከሆነ እኔን ይጥራ አለች በልቧ። ዓይኗን ጨፍና ነጥቡን በሳችው።

በማግስቱ ልጅቷ ኮከቡን በተጨበጠ እጇ አሳየች።

"ጣት የለሽም እንዴ?" አለ አንዱ እንግዳ።

"አለኝ። በእኛ ቤት ግን ይኼን በጣት አንጠቁምም" አለችና ርቀቱንም፣ ወንዙንም፣ የአያቷን እህትም ነገረቻቸው። መረጧት። ሰኞ ዕለት ሄደች።

ልብስ ሰፊዋ ዛሬም በር ሲንኳኳ ኮከቡ የጠራት እየመሰላት መርፌውን ትጥላለች። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ወንዝ ሊሞላ ሲል ማለዳ ከአድማስ ጥግ ያ ትልቅ ኮከብ ብቻውን ሲያበራ ብታዩ፣ አደራ፣ ጣታችሁን እጠፉላት። አታምኑበት ይሆናል። ብቻ እጠፉላት።