የደጉ እንሰት መፋቂያ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የደጉን ስም ያወጣው መልአክ ግን ያን ዕለት ሥራ በዝቶበት መሆን አለበት። በስድስት ዓመት ጓደኝነታችን ሦስት ጊዜ መትቶኛል፤ በአንዱ አንድ ጥርሴ ወልቋል። ያም ሆኖ እወደዋለሁ፤ ምን ላድርግ?

ደጉ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ ብየዳ ቤት አለው። ከሰኞ እስከ ዓርብ የግቢ በርና የመስኮት ፍርግርግ ይሠራል። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ግን ቤቱ የሁላችን ነው፤ እያንዳንዳችን ከእንጀራችን ውጪ የምንሠራውን ይዘን እንመጣለን። እኔ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ሞባይል ጠጋኝ ነኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአሮጌ ፍሪጅ የጫጩት መፈልፈያ እሠራለሁ። ነጅማ ልደታ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ክስና ማመልከቻ በኮምፒውተር ትጽፋለች፤ ለዓይነ ስውር አባቷ እንቅፋት ሲቃረብ የሚጮህ ከዘራ ጀምራለች። ደንባችን አጭር ነው፦ ሠርቻለሁ ያለ እዚያው አስነስቶ ያሳያል፣ ያየም እውነቱን ይናገራል። ይህ መጨረሻ ላይ ያለው ለደጉ አይዋጥለትም።

የእሱ ሥራ የእንሰት መፋቂያ ማሽን ነበር። እናቱ እማማ ወርቅዬ ጉራጌ አገር እምድብር አጠገብ ዕድሜ ልካቸውን ለቆጮ እንሰት ሲፍቁ ኖረው ትከሻቸው አልቋል፤ ነጠላቸውን እንኳ ሰው ነው የሚያለብሳቸው። ደጉ "ከእንግዲህ በእጅሽ አትፍቂም" ብሎ ምሎላቸው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ጥርሳም የብረት ከበሮና አሮጌ የውሃ መሳቢያ ሞተር ሲያጋባ ከረመ።

ማሽኑ የሚታይበት ቅዳሜ እማማ ወርቅዬ ራሳቸው የእንሰት ልጣጭ አሸክመው ከአገር ቤት መጡ። ነጅማ ጎንበስ ብላ አየችና፣

"ደጉ፣ እጅ የሚገባበት ቦታ ከከበሮው ጥርስ አንድ ስንዝር እንኳ አይርቅም እኮ። ሴቶቹ ሲፍቁ ልጣጩን በእጃቸው ነው የሚይዙት?" አለች።

"በምናቸው ሊይዙት ነበር?"

"አይተሃል?"

ጨርቅ አንስቶ ሞተሩን ይወለውል ጀመር። በእነሱ ሰፈር እንሰት የሚፋቅበት ጓሮ ወንድ ዝር አይልም፤ ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ስለሚቀመጡ ነውር ነው። ደጉ በልጅነቱ ከዚያ ጓሮ በድንጋይ እየተባረረ ነው ያደገው።

"ሳታይ ነው እንዴ የሠራኸው ጀለሴ?" ብዬ ሳቅሁ።

ቡጢው አፌ ላይ አረፈ። ወደቅሁ፤ ስነሳ በጉልበቱ ሆዴን ደገመኝ። እኔም ጨዋ አይደለሁም፤ ያገኘሁትን የብረት ዘንግ አንስቼ ትከሻው ላይ አሳረፍኩበት።

"ተዉ!" ብለው ጮኹ እማማ ወርቅዬ። "የልጄን ሥራ እኔው አሳያችኋለሁ።"

ልጣጩ እንዴት እንደሚያዝ እሳቸው ያውቁ ነበር። ወንዶች ፊት መናገር ግን አፈሩ፤ ልጃቸውም እንዲዋረድ አልፈለጉም። ደጉ ሞተሩን አስነሳው። እማማ ወርቅዬ ልጣጩን በቀኝ እጃቸው ይዘው ለማሽኑ ሰጡት፤ ከበሮው ልጣጩንም እጃቸውንም ጎተተ። ነጅማ ሶኬቱን ነቅላ እስክትጥል ሁለት ጣት ሄዷል። ደሙ ግድግዳው ላይ ተረጭቶ ነበር።

ደጉ አላለቀሰም። ትልቁን መዶሻ አነሳና ማሽኑን ይደቃው ጀመር። ልይዘው ብሄድ በክርኑ ቅንድቤን ተረተረው። በመጨረሻ የገዛ እጁን ከበሮው ጥርስ ላይ ሊያሳርፍ ሲል ወገቡን ይዤ ጣልኩት፤ እላዩ ላይ ተቀምጬ፣ እየነከሰኝ ሳለ፣ ነጅማ እናቱን በታክሲ ወደ ሆስፒታል ወሰደች።

ከዚያ በሦስተኛው ቅዳሜ ደጉ የማሽኑን ስብርባሪ ለቁራሌው ሲለይ እማማ ወርቅዬ እጃቸው እንደተጠቀለለ ገቡ። አንዲት ሳንቃ ግድግዳው ላይ አጋደም አድርገው አስደገፉ፤ ይዘው የመጡትን ልጣጭ ዘረጉበት፤ የቀርከሃ መፋቂያም አጠገቡ አኖሩ። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጡና ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡ።

ደጉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እኔም ወደ በሩ ሄድኩ።

"አንተም ቁም፣ ዓብዱልሰላም!" አሉኝ። በግራ እጃቸው የደጉን ሱሪ ጎትተው አንበረከኩት፤ ጥፊያቸው ቤቱን አስጮኸው። "ዙር! ጣቴን የበላው ብረትህ አይደለም፣ እፍረታችን ነው። እይ!"

ተረከዛቸውን አንስተው ልጣጩን ሳንቃው ላይ ረገጡት። ለካ ልጣጩን እጅ አይይዘውም፤ የሚይዘው እግር ነው፣ ሁለቱም እጅ ለቀርከሃው መፋቂያ ነው። እሳቸው ግን አሁን ሁለት እጅ የላቸውም።

"ና፣ ፋቅ" አሉት።

"እማዬ፣ እኔ..."

ሁለተኛው ጥፊ አላስጨረሰውም። መፋቂያውን በሁለት እጁ ያዘ፤ እንባው እናቱ እግር ላይ እየተንጠባጠበ ከላይ ወደ ታች መፋቅ ጀመረ። መፋቂያው ልጣጩን እየዳሰሰ ብቻ ያልፍ ነበር።

"ጠንከር በል!" አሉና ጀርባውን በቡጢ መቱት።

እሱም ጠንከር አለ።