ሁለተኛዋ ሚዳቋ

መጀመሪያ የተሰማኝ ሕመም አልነበረም። ስወድቅ የተገለበ ቀሚሴን ለመመለስ እጄን ስዘረጋ፣ የግራ እግሬን ወደ ውጭ ዞሮ አየሁት። ላቃናው ሞከርኩ። አልታዘዘም። ሕመሙ ከዚያ በኋላ መጣ።

የጭን አጥንት ለተሰበረባቸውና ለአስታማሚዎቻቸው ይጠቅም እንደሆነ ብዬ የደረሰብኝን እጽፋለሁ። ከሞተር ኋላ ተቀምጠው ለሚሄዱ እኩዮቼም ይሁን።

የእህቴ የልጅ ልጅ ክርስትና የሚነሣበት ቀን ነበር። ለመድረስ ከእስቴ ገጠር ወደ መካነ ኢየሱስ ማለዳ ተነሣን። ነጂው ሙላት ጎረቤቴ ነው። ሁለት ልጆቹን የሚያሳድገው በዚያችው ሞተር ሲሆን፣ ቀስ ስለሚል ተሳፋሪዎች «ሙላት፣ አህያ ቀደመችን እኮ» እያሉ ይቀልዱበታል። ቀሚስ ለብሼ እንደ ወንድ አንፈራጥጬ መቀመጥ ስላፈርኩ በጎን ተቀመጥኩ። የሰጠኝን ሄልሜት ሻሼን ያበላሻል ብዬ ጭኔ ላይ አኖርኩት።

ሊነጋጋ ሲል ከአንድ ደብር አጠገብ ደረስን። መንገዱ በቤተ ክርስቲያኑ ዛፎችና በገብስ ማሳ መካከል ያልፋል። ሙላት ፍጥነቱን ቀነሰ።

«እትዬ፣ አጥብቀው ይያዙኝ። በዚህ ሰዓት ሚዳቋ ከገብሱ ወደ ዛፉ ይመለሳል።»

ወዲያው አንዷ ተሻገረች።

«ይኸው አለፈች» አልኩት።

«ሌላም ትኖራለች።»

ዓይኑን ከማሳው ሳይነቅል ቀስ እያለ ሄደ። የደጀ ሰላሙ በር አጠገብ ስንደርስ አልተሳለመም። ትከሻውን መታ አደረግሁት።

«አንተ፣ በደጁ ዝም ብለህ ልታልፍ ነው?»

«ከፊታችን ካለው ድልድይ ማዶ ቆሜ እሳለማለሁ፣ እትዬ።»

«ደብሩ ያለው ከድልድዩ ማዶ ነው እንዴ? ተሳለም እንጂ!»

ቀኝ እጁን አነሣ። የፊቱን ፍሬን የሚይዘው ያ እጅ ነው። አማተበ። አንገቱን ዝቅ አደረገ። ሁለተኛዋ ሚዳቋ ከገብሱ ወጣች።

ወደቅን።

የገጨናት ሚዳቋ ተነሥታ ወደ ዛፉ ገባች አሉኝ። እኔ አላየሁም። ከኪዳን የሚወጡ ሰዎች ከበቡን። ቃሬዛ መጣ። አንዱ ወጌሻ ይጠራ አለ። ከጤና ጣቢያ የደረሰችው ነርስ የተሰበረውን እግሬን ከደህናው ጋር በጨርቅ አስራ «ማንም እንዳይጎትታቸው!» ብላ ጮኸች። እግሬን ያተረፈችልኝ እሷ ትመስለኛለች።

ሆስፒታል ኤክስሬይ ተነሣሁ። ፊመር የሚሉት የጭን አጥንት ከላይ በኩል ተሰብሮ ተደራርቧል።

«ቀዶ ሕክምና ያስፈልግዎታል» አለ ሐኪሙ። «ተራዎ እስኪደርስ እግርዎ በትራክሽን ይቆያል። እንዳይገላበጡ።»

ትራክሽን ማለት ክብደት ነው። ከእግሬ ጋር በገመድ ታስሮ ከአልጋው ግርጌ ተንጠለጠለ። በጀርባዬ ተኛሁ። ጣሪያውን አየሁ። ለሽንት ሰው ጠራሁ። ጀርባዬ ሲያሳክከኝ ሰው ጠራሁ። ሌላ ቀን። ያው ጣሪያ።

«ሚዳቋ ጣለችኝ ብለው ለማን ያወራሉ?» አለችኝ አጠገቤ የተኛችው የስማዳ ሴት። «ነብር ነው ይበሉ፣ እኔ እመሰክራለሁ።»

መሳቅ ያመኝ ነበር።

ከገመዱ የባሰ ግን ሌላ ነገር ያዘኝ። ትራፊክ ፖሊስ የሙላትን መንጃ ፈቃድ ይዞ የእኔን ቃል ይጠብቃል። ሙላት «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እጄን ከመሪው ለቅቄ ነበር» ብሏል። ማን እንዳስለቀቀው አልተናገረም። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ አልጋዬ አጠገብ ቆሞ «እታለም፣ ፖሊስ ያን ግዴለሽ ዳግመኛ ሞተር ላይ አያወጣውም» ይላል። ሙላት የእጁን አንጓ በጀሶ ታስሮ ሊጠይቀኝ መጣ። «ተሻለዎት?» አለኝ መሬት መሬቱን እያየ። «ይመስገን» አልኩት። ሌላ አልጨመርኩም። ሲወጣ ልጠራው ፈለግሁ። አልጠራሁትም።

ቀዶ ሕክምናው ተደረገ። አጥንቱን የሚያያይዝ ፕሌት የሚሉት ብረትና ብሎን ገባልኝ። በሦስተኛው ቀን ፖሊሱ ደብተሩን ይዞ መጣ። ወንድሜም ነበር።

«እጁን ያስለቀቅሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ሚዳቋ አለ ብሎኝ ነበር። ተሳለም ብዬ ተቆጣሁት።»

«ማደንዘዣው ገና አልለቀቃትም» አለ ወንድሜ።

«ለቆኛል። ጻፍ፣ ልጄ።»

ፖሊሱ ጻፈ። ወንድሜ ተነሥቶ ወጣ፤ በማግሥቱ ግን ሾርባ ይዞ መጣ።

ከዚያ በኋላ ሐኪሙ «አሁን የምፈራው አጥንቱን ሳይሆን አልጋውን ነው» ብሎ፣ ደም በእግሬ እንዳይረጋና ጀርባዬ እንዳይቆስል ዎከር በሚሉት ባለ አራት እግር መደገፊያ ያቆመኝና ያራምደኝ ጀመር፤ መጀመሪያ እስከ መስኮቱ፣ በሳምንቱ እስከ ኮሪደሩ መጨረሻ፣ ቤቴ ከገባሁ በኋላም የሆስፒታሉ ፊዚዮቴራፒስት ያሳየችኝን እንቅስቃሴ ጠዋትና ማታ ሳላጓድል እየሠራሁ፣ ከወራት በኋላ በአንድ ክራንች ጓሮዬን ለመዞር በቃሁ። የግራ እግሬ ትንሽ አጥሮ ቀርቷል። ሙላት በማስጠንቀቂያ ታልፎ መንጃ ፈቃዱ ተመልሶለታል።

ነርሷን፣ ሐኪሙን፣ ቃሬዛ የተሸከሙትን ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አጥንት የተሰበረበትን ሰው አትጎትቱ። ቁሙ ስትባሉ፣ ቢያማችሁም ቁሙ። ሞተር ላይ ከቀሚሳችሁ ሥር ሱሪ ልበሱና አንፈራጥጣችሁ ተቀመጡ፤ ሄልሜቱም ከሻሽ በላይ ይታሰራል። ጎሕ ሲቀድና ሲመሻሽ፣ በዛፍና በማሳ መካከል፣ ነጂው ቀስ ይበል። አንዷ ብታልፍ ሌላዋን ይጠብቅ፤ እንስሳ ድንገት ቢገባም መሪ ከመጠምዘዝ ቀጥ ብሎ ፍሬን መያዝ ይሻላል። መሳለም የሚፈልግ ሞተሩን ያቁም፣ ይውረድ፣ ከዚያ ይሳለም።

ከኋላ የምንቀመጥ ሽማግሎች ደግሞ ነጂውን አንዘዘው። እሺ የሚለን አክብሮን ነው። አዝዘን ጥፋት ከደረሰ ግን እኛው እንናገር፣ እስኪሻለንም አንጠብቅ። እኔ የዘገየሁባቸው ቀናት ለሙላት ያለ ሥራ ያለፉ ቀናት ናቸው።