ኢንዱ ታይ «ትልቁን ጻፍልኝ» ያሉበት ዓመት

ኢንዱማቲ ፋታክ በዚያ የሐምሌ ማለዳ የገጠማቸው ችግር አንድ ነበር። አሥራ አንድ ሴቶች መንዳት ሊማሩ ሜዳው ላይ ቆመዋል፤ የሚማሩበት ስኩተር ግን የለም። ትናንት ከቀትር በኋላ ኢንዱማቲ ሽንኩርት ሲመርጡ ከአትክልት ተራው ደጃፍ ተሰርቋል።

ያኔ በህንዷ ፑኔ ከተማ የነበረ ሰው እነዚያን ስኩተሮች አይረሳቸውም። ማርሻቸው በግራ እጅ ይዞራል፤ አልነሳ ሲሉ ባለቤቱ እንደ ታመመ ዘመድ ወደ ጎን ጋደም አድርጎ ቤንዚኑን ያወርድላቸዋል፤ ከዚያ እየሳሉ ይነሳሉ። ጠዋት ጠዋት መንደሩ የሚነቃው በዚያ ሳል ነበር። ሰፈሩ ሁሉ «ታይ»፣ ታላቅ እህት፣ የሚላቸው ኢንዱማቲ ባላቸው ሞተው ስኩተሩ ግድግዳ ተደግፎ ሲቀር፣ ግድግዳውን በአንድ እጅ እየያዙ ራሳቸውን አስተማሩ። ቀጥሎ ጎረቤታቸውን አስተማሩ፤ ቀጥሎ የጎረቤታቸውን አማት። አሮጌው ሲያልቅ አዲስ ገዝተው ቀጠሉ። እኔም የተማርኩት እዚያው የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ነው።

ዘዴያቸው የራሳቸው ነበር። ሞተር ከመነሳቱ በፊት ተማሪዋ ስኩተሩን እየገፋች ሜዳውን ሦስት ጊዜ ትዞራለች። «ክብደቱን ያላወቅሽውን ነገር አትቀመጪበትም» ይሉ ነበር። ከዚያ በኖራ የተሰመረች የስምንት ቁጥር አለች፤ በእሷ ላይ ያልተንከባለለ ሳሪ በሰፈሩ አልነበረም።

«ታይ፣ ወደቅሁ እኮ!»

«አየሁሽ። መውደቁን ጨርሰሻል፤ ቀጥሎ መንዳት ነው።»

ስኩተሩ ከተሰረቀ በኋላ ትምህርቱ በውሰት ቀጠለ። አንድ ቀን የአንዷ ባል ስኩተር፣ ሌላ ቀን የሌላዋ። ያዋሱት ባሎች ሜዳው ዳር ቆመው ማርሹ በተንገጫገጨ ቁጥር ጥርሳቸውን ይነክሱ ነበርና ውሰቱ እንደማይዘልቅ ሁላችንም አውቀናል። ታይ ግን አልተጨነቁም፤ መድን ነበራቸው። ፖሊስ «ፈልጌ አጣሁ» የሚል ወረቀት እስኪሰጣቸው ሁለት ወር ጠበቁ። ሁለቱንም ቁልፎች አስረከቡ፤ መድን ድርጅቱ ሁለቱንም ካላየ ባለቤቱ ራሱ ሸጦት እንዳይሆን ይጠረጥራልና። ለዳሰራ በዓል፣ ሰው ሁሉ ተሽከርካሪ ገዝቶ በቢጫ አበባ በሚያስጌጥበት ቀን፣ በሃያ ሦስት ሺህ ሩፒ አዲስ ስኩተር እንዲቆይላቸው ነጋዴውን አዘዙ።

በመስከረም መጨረሻ የመድን ወኪሉ ዴኦዳር ከአንድ መነጽር ቤት በላይ ፎቅ ላይ ወዳለችው ቢሮው ጠራቸው። ሚስቱን ታይ ናቸው መንዳት ያስተማሯት።

«አሥራ ስድስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ይደርስዎታል» አለ።

«ባው» አሉት፤ ወንድሜ ማለታቸው ነው። «ቁርስ ሳትበላ ነው የወጣኸው? ሃያ ሦስት ሺህ አንድ መቶ ነው።»

«ከየት አመጡት ታይ?»

«የስኩተሩ ዋጋ ብለን የተዋዋልነው ሃያ ሺህ። ትርፉ ደግሞ ሦስት ሺህ አንድ መቶ። ይኸው፣ ውሉ ላይ ራስህ ጽፈኸዋል። መቶው የግዴታ ኤክሰስ፣ ሦስት ሺሁ የፈቃድ ኤክሰስ። ኤክሰስ በእንግሊዝኛ ትርፍ መሆኑን ለማወቅ ኦክስፎርድ መሄድ የለብኝም።»

ዴኦዳር መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ቃሉስ ልክ ነው፤ የሚተርፈው ግን ለእርስዎ አይደለም። ከጉዳቱ የመጀመሪያዋ ሦስት ሺህ አንድ መቶ የራስዎ ድርሻ ናት። እኛ የምንከፍለው ከእሷ በላይ የተረፈውን ነው።»

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ሒሳቡ በጣም ያስደስታልና። ሰው ሊቀንሰው የሚገባውን ቁጥር ሲደምር የሚሳሳተው በዚያ ቁጥር ልክ አይደለም፤ በእጥፉ ነው። ታይ ሦስት ሺህ አንድ መቶን ከሃያ ሺህ በላይ አስቀመጡት፤ ቦታው ከሃያ ሺህ በታች ነበር። ስለዚህ ከጠበቁት ያጠራቸው ስድስት ሺህ ሁለት መቶ ሆነ። አዲሱ ስኩተር በዚያች ደቂቃ ከእጃቸው ወጣ።

«ከፈቃዱ ኤክሰስ ትልቁን ስመርጥ ታዲያ አፍህ ምን ይዞት ነበር?» አሉት።

«'ከሁሉ ትልቁን ጻፍልኝ' ብለው ብዕሩን ቀሙኝ እኮ። ለጉዳት የሚሸከሙት ድርሻ ሲበዛ ዓመታዊ ክፍያው ይቀንሳል። ሲቀንስልዎ ደግሞ ሳቁብኝ።»

ስቀው ነበር። ሜዳው ላይ መጥተውም ነግረውናል። «የመድን ሰዎች ሞኞች ናቸው፤ ብዙ ቃል በገቡ ቁጥር ጥቂት ያስከፍላሉ። ሂዱና ትልቁን አስጽፉ» ብለውናል። እኛም ሄደናል።

ታይ ይህን ያስታወሱት እዚያው ወንበሩ ላይ ነው። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ስንት ሴት ልኬልሃለሁ ባው?»

መዝገቡን ገለጠ። «ሠላሳ ስምንት። ሁሉም 'ትልቁን' ብለዋል። እኔም አስተዋይ ሴቶች ናቸው፣ በቁጠባቸው ተማምነው ነው ብዬ ነበር።»

አዲሱን ስኩተር ትተው በደረሳቸው ገንዘብ ጎኑ የተጨረማመተ ግራጫ አሮጌ ገዙ። በዳሰራ ዕለት እንደ ደንቡ አበባ አሰሩለት። ማግስቱን ግን ሜዳው ላይ አልመጡም፤ ሠላሳ ስምንቱን ቤት ማንኳኳት ጀመሩ።

ሚናክሺ፣ ከሁላችን ብዙ የወደቀችው፣ በሯን ከፍታ ሰማቻቸውና ሳቀች። «የእኔን ማን ይሰርቀዋል ታይ? እኔ ራሴ ማስነሳት አቅቶኛል!»

«ሌባ ከአንቺ የተሻለ ነጂ ነው። መልሺልኝ፤ ዛሬ ቢሰረቅ ሦስት ሺህ ሩፒ ከየት ታመጫለሽ?»

ሚናክሺ ሳቋን አቆመች። «ከባሌ እህት… አይ፣ እሷስ አትሰጠኝም።»

«እንግዲያው በሚቀጥለው እድሳት የፈቃዱን አስወጪው። መቶዋ የግዴታ ናት፤ እሷን ተያት።»

እኔን ያስገረመኝ ግን ሁሉንም አለማስቀየራቸው ነው። ልጆቿ የሚረዷትና ስኩተሯን ግቢ ውስጥ የምታሳድር አንዲት ጡረተኛ ነርስ ነበረች። «አንቺ ትልቁን ያዢ፤ በየዓመቱ የሚቀነስልሽ ይጠቅምሻል» አሏት። ያቺ አንዲት ጥያቄ ለሁሉም በቃች፤ መልሱ ግን ከቤት ቤት ተለያየ። በመጨረሻ ሃያ ሦስቱ ቀየሩ፣ አሥራ አምስቱ ባሉበት ቀሩ። በሩን ከፍታ የዘጋችባቸው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ እሷም በሳምንቱ ሜዳው ላይ መጣች።

ዛሬ ያ ሜዳ የለም፤ ስድስት ፎቅ ሆኗል። ስኩተሮቹም አይስሉም፣ በባትሪ እንደ ድመት ይሄዳሉ። ማርሽ ስለሌላቸው የታይን ትምህርት የሚፈልግ ጠፍቷል። እሳቸው ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ አሁን የተያያዙት አንዲት ገጽ መጻፍ ነው። የሰፈሩ ሴቶች መድን ሲገቡ በአገሩ ቋንቋ፣ በማራቲ፣ የሚያነቧት ገጽ። ሌላው ሁሉ ተጽፎ አልቋል፤ የቸገራቸው «ኤክሰስ» ለሚለው ለዚያ የእንግሊዝኛ ቃል ምትክ ማግኘት ነው። እያንዳንዱን ቃል ጎመን ለምታመጣላቸው ሴት ያነቡላትና «ይህን ብትሰሚ ትደምሪያለሽ ወይስ ትቀንሻለሽ?» ይሏታል። ሰባት ቃል ሰርዘዋል።

ባለፈው ማክሰኞ ስምንተኛውን ሲያነቡላት እዚያው ነበርኩ። ሴትዮዋ ሚዛኗን አስቀምጣ ጥቂት አሰበች።

«እደምራለሁ» አለች።

ታይ ሰረዙት፤ እስክሪብቶውን ሳያስቀምጡም ዘጠነኛውን መጻፍ ጀመሩ።