የሀዲያ አውፍታ

ሳብሪያ ቂመኛ ናት። ፊቷ ሳቂታ ስለሆነ ይህን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። ኢንግልዉድ የምትኖር፣ የሆቴል እንግዶችን ከኤርፖርት ስታመላልስ የምትውል የወሎ ሴት ናት። ለስኳሯ ሐኪሙ መራመድ ካዘዘላት ወዲህ፣ እሑድ እሑድ ከሳንታ ሞኒካ በላይ ወዳለች ትንሽ የተፈጥሮ ፓርክ ትሄዳለች። በሩ ላይ ያለው ሰሌዳ ቁጥቋጦው የሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ኮረብቶች ዓይነት ነው ይላል። ለሳብሪያ ግን አሪቲ አሪቲ የሚሸት ደረቅ ዳገት ነው፤ ብቻዋን እየወጣች ሀዲያን የምትረግምበት።

ሀዲያ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ የልብስ ሱቅ አላት። የሳብሪያ ልጅ ሱሀይል የሩመይሳን ልጅ ሊያገባ ሽማግሌ ልኮ፣ ቀን ተቆርጦ ሳለ፣ ሀዲያ ሩመይሳን "ልጁ እኮ የደበቀው ልጅ አለው" ብላ ሹክ አለቻት። ውሸት ነበር። ኒካሁ ቀረ፤ ሱሀይልም ቴክሳስ እንደገባ ቀረ። አሁን የሚደውለው ለዒድ ብቻ ነው። ሳብሪያ የወሬውን ምንጭ ያወቀችው ዘግይታ፣ ከሩመይሳ ከራሷ አፍ ነው። ያን ቀን አልጮኸችም። ቀን ይመጣል ብላ ዋጠችው።

ቀኑም መጣ። ሀዲያ ሐጅ ልትሄድ ነው። ሐጅ የሚሄድ ሰው ደግሞ የበደለውን ሁሉ አውፍ በሉኝ ሳይል አይነሳም። ሀዲያ ቤት ለቤት ዞራ ስትጨርስ ለሳብሪያ ደወለች።

"እሑድ ሃይክ አደርጋለሁ፤ እዚያ ነይ" አለቻት ሳብሪያ። "እላይ ስንደርስ እንነጋገራለን።"

የሀዲያን ጉልበት ታውቃለች። ሆን ብላ ዙሪያ ጥምጥሙን መንገድ ትታ ቀጥ ያለውን ያዘች። ሀዲያ ጥላ ባየች ቁጥር ትቆማለች፤ ሳብሪያ ጥላ ባየች ቁጥር ትፈጥናለች። እሾሁ የሀዲያን ቀሚስ ሲይዘው፣ ላቧ ሒጃቧን ሲያረጥበው ዞር እያለች አየች። ደስ አላት። እውነቱን ለመናገር፣ በጣም ደስ አላት።

"ሳብሪያዬ፣ ስሎው አድርጊ እንጂ! ልትገይኝ ነው?"

"ካዕባን ስትዞሪ ጠዋፉ ከዚህ ይብሳል፤ ፕራክቲስ አድርጊ።"

ጫፍ ላይ ሲደርሱ ባሕሩ ከታች ወለል ብሎ ታየ። ሀዲያ ድንጋይ ላይ ዘጭ ብላ የሳብሪያን እጅ ያዘች። ሳብሪያ ያን በደል ከዚያች አፍ ሲወጣ ሰምታ "አይሆንም" ልትላት ነው የመጣችው።

"አውፍ በይኝ" አለች ሀዲያ። "የኢሕሳን ሰርግ ላይ ሳምቡሳሽን ጨው በዝቶበታል ብዬ አምቼሻለሁ።"

ሳብሪያ ጠበቀች። "ሌላስ?"

ሀዲያ ሽቅብ እያየች አሰበች። ከልቧ ነበር የምታስበው። "ሌላ ትዝ የሚለኝ የለም፣ ወላሂ።"

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ሳብሪያ ግን የወጋ ይህን ያህል ይረሳል ብላ አልጠበቀችም። የልጇን ትዳር ያፈረሰች ምላስ የምታስታውሰው ሳምቡሳ ነው! ልትጮህባት አፏን ከፈተች፤ ከዚያ መልሳ ዘጋችው።

"ለሳምቡሳው አውፍ ብዬሻለሁ" አለች።

ሀዲያ እያለቀሰች አገላብጣ ሳመቻት። ጉልበቷ ተረሳ፤ ቁልቁለቱን እንደ ልጃገረድ ወረደችው። መኪና ፓርክ ካደረጉበት ሲደርሱም ሐጅ ተጓዥ እንደሚለው ሁሉ፣ "ሶ፣ ካዕባ ጋ ለማን ዱዓ ላድርግልሽ?" ብላ ጠየቀች።

ሳብሪያ መኪናዋ ውስጥ ገብታ መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

"ለሱሀይል። ሚስት እንዲሰጠው ለምኚልኝ። የሩመይሳን ልጅ ማን እንዳስቀረበት አላህ ያውቃል።"

ሀዲያ ፈገግ እንዳለች ደረቀች። ከዚያ መስኮቱን በሁለት እጇ ያዘች።

"ሳብሪያ... ቆይ... ቆይ እንጂ፣ እሱንም..."

"ዱዓሽን አትርሺ" አለችና ሳብሪያ ሞተሩን አስነሳች።

ሀዲያ አውሮፕላን ላይ እስክትወጣ ድረስ ስትደውል ሰነበተች። ሳብሪያ ስልኩ ሲጮህ ስሟን እያየች አላነሳችም።