«ሲሞት ና»

ከሆሳዕና የወጣሁት በወንድሜ በታምራት ስልክ እየተመራሁ ነው። ሊነጋ ሲል፣ ረዳቱ ገና «ሻሸመኔ፣ ሻሸመኔ» እያለ ሲጣራ፣ ታምራት ከደቡብ አፍሪካ ደውሎ «መስኮት ጋ ተቀመጥ፣ ከማንም ምግብ አትቀበል» አለኝ። ከዚያ ሞያሌ፣ ናይሮቢ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ። በአውቶቡስ፣ በጭነት መኪና፣ አንዳንዴ በእግር። በየድንበሩ ስልኬ ይጮሃል። «የመኪናው ቀለም ምንድን ነው? ሾፌሩ ምን ይመስላል?» አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ነው የወጣሁት፤ ካርታ ማንበብ የተማርኩት ግን ከታምራት ነው። ጆሃንስበርግ ትልቁ መናኸሪያ ስወርድ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። አቅፎ ሲለቀኝ የመጀመሪያ ንግግሩ «ሸተሃል» የሚል ነበር።

ታክሲ መያዝም ያስተማረኝ እሱ ነው። እዚህ ታክሲ የሚሉት ሚኒባሱን ነው። ረዳት የለውም፣ የሚጣራ የለም። መንገድ ዳር ቆመህ በጣትህ ታሳያለህ። ጠቋሚ ጣትህን ወደ ላይ ከቀሰርክ ወደ መሀል ከተማ ነው፤ ሌላው ሰፈር ሌላ ምልክት አለው። ከገባህ በኋላ ዝም ነው። በእኛ አገር አውቶቡስ ከጎንህ የተቀመጠ ሰው የማን ልጅ እንደሆንክ ሳይጠይቅህ፣ ቆሎውንም ሳያካፍልህ ሩቅ አይሄድም። እዚህ አንዷ ወደ እኔ የምትዞረው ቦርሳዋን ለማሸሽ ነው። ባቡሩንማ ተዉት። በኮሮናው ጊዜ እንቅስቃሴ ሲታገድ ቆመ፤ ሌቦች ሽቦውን ቆርጠው ወሰዱት፤ ሐዲዱ ላይ ሣር በቀለ።

ታምራት ኋላ ወደ ብሉምፎንቴን ሄደ። በአውቶቡስ አምስት ሰዓት ያህል ነው፣ ግን ሌላ ክፍለ ሀገር ነው። እዚያ ከጋሽ ኤርሲዶ ጋር ስፓዛ ከፈተ። ስፓዛ የሰፈር ትንሽ ሱቅ ነው። ጋሽ ኤርሲዶ የአገራችን ሰው ናቸው፣ እዚያ ላሉት ልጆች ሁሉ እንደ አባት። እኔ ጆሃንስበርግ አጠገብ፣ ቴምቢሳ፣ ሱቅ ስጠብቅ ቀረሁ።

ኮሮና በገባ በመጀመሪያው ክረምት ነው። የእነሱ ክረምት ዝናብ የለውም፣ አጥንት የሚገባ ደረቅ ብርድ ብቻ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ጋሽ ኤርሲዶ ደወሉ።

«ዘሪሁን፣ ወንድምህን ትንሽ አሞታል።»

«ኮሮና ነው?»

«ሐኪም ቤት ገብቷል። አትደንግጥ፣ ደህና ነው። ብቻ ዛሬውኑ ና።»

«እስቲ ላናግረው።»

«እዚያ ስልክ አይፈቅዱም። ና ብቻ።»

ሱቁን ዘጋሁ። ያን ጊዜ ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር ያለ ፐርሚት፣ ያለ ጉዞ ፈቃድ ወረቀት፣ አይኬድም ነበር። ፐርሚቱን የሚሰጠው ፖሊስ ጣቢያ ነው፤ ሰልፉ አጥሩን ዞሮ መንገድ ወጥቷል። ተራዬ ሲደርስ ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ፖሊስ ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ ብስኩት ይበላል። የጥገኝነት ወረቀቴን በሁለት ጣቱ አነሳት።

«ይቺ ጊዜዋ አልፏል።»

«የስደተኞች ቢሮው ስለተዘጋ መንግሥት አራዝሟታል፣ ጌታዬ።»

«ለእኔ የነገረኝ የለም። የት ልትሄድ ነው?»

«ብሉምፎንቴን። ወንድሜ ታሟል።»

«ለታመመ ፐርሚት የለም። ለቀብር ነው። ሞቷል?»

«አልሞተም።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ? ሲሞት ና። ማስረጃ ይዘህ።»

ከኋላዬ ብርድ ልብስ የተከናነበች ወፍራም ሴትዮ ነበረች። «ምፎወቱ» አለችኝ፣ ወንድሜ ማለቷ ነው፤ «አንተም ሞቷል በለው። እኔ አያቴን ዘንድሮ ስቀብራት ይሄ ሦስተኛዬ ነው።» ሰልፉ ሳቀ። ፖሊሱም ሳቀ፣ ብስኩቱ ትን እስኪለው። እኔ ግን በሕይወት ያለ ወንድሜን በአፌ አልገድልም ብዬ ወጣሁ።

በር ላይ ቆሜ ለጋሽ ኤርሲዶ ደወልኩ። «ካልሞተ አይፈቀድም ይላሉ» አልኳቸው። «ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው። ደህና ነው አልኩህ እኮ። እንደምንም ብለህ ና» አሉኝ።

እንደምንም ሄድኩ። ፐርሚት ሳይጠይቅ የሚጭን ሚኒባስ ከተማ ውስጥ አገኘሁ። የሁለቱ ክፍለ ሀገሮች ወሰን በሆነው በቫል ወንዝ ድልድይ ላይ ወታደርና ፖሊስ መንገዱን ዘግተው ጠበቁን። ሁሉም ወረቀቱን አወጣ፣ እውነተኛውንም የውሸቱንም። ባዶ እጄን የተገኘሁት እኔ ብቻ ነኝ።

«ያንተስ?» አለኝ ወታደሩ።

«ወንድሜ ታሟል።»

«ውረድ።»

ሾፌሩ በመስታወት እያየኝ «ማይ ፍሬንድ፣ ፍጠን፣ ሰዉን አታስቀር» አለ። እዚህ ሱቅ የሚጠብቅ ሐበሻ ሁሉ ስሙ ማይ ፍሬንድ ነው። እንደመጣሁ አምስት ወር ሙሉ እውነት ወዳጅ ያፈራሁ መስሎኝ ነበር። ድልድዩ ጫፍ ላይ በነፋሱ ስንቀጠቀጥ ቆይቼ፣ ወደ ጆሃንስበርግ በሚመለስ መኪና ተመለስኩ።

ሮብ ጠዋት ሌላ ጣቢያ ሄድኩ። ማስረጃ የሌለው ሰው ምሎ መፈረም ይችላል ሲሉ ሰምቼ ነበር። ቀኝ እጄን አነሳሁ። ወንድሜ ታምራት ሞቷል ብዬ ማልኩ። ማህተም የመታችልኝ ወጣት ፖሊስ ናት። «በጣም አዝናለሁ» አለችኝ፣ ከልቧ። በዚህ አገር ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ሲያዝንልኝ የመጀመሪያዬ ነው፤ እሷንም ዋሸኋት ብዬ አፈርኩ።

አውቶቡሱ ውስጥ በየሁለተኛው ወንበር ላይ ቀይ ኤክስ ለጥፈዋል። ከጎኔ ማንም የለም። መንገዱን ሙሉ «ጌታ ሆይ፣ ያልኩትን አትስማ» እያልኩ ስጸልይ ሄድኩ። ያው ድልድይ ላይ ሌላ ወታደር ወረቀቴን አንብቦ ኮፍያውን ነካ አደረገልኝ። ለታመመ ያስወርዱሃል፣ ለሞተ ኮፍያ ይነኩልሃል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረስኩ። ከሱቁ ጓሮ ስምንት የሚሆኑ የአገሬ ልጆች የለስላሳ ሳጥን ገልብጠው ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ አቀረቀሩ። ጋሽ ኤርሲዶ ሳህን ይዘው ወጡ። ፓፕ ነው፣ ጨው የሌለው የበቆሎ ገንፎ።

«ና ልጄ። መጀመሪያ እህል ቅመስ።»

ከመንገድ የገባ ሰው ማንም ዓይኑን ሳያየው መጀመሪያ ብላ ከተባለ፣ የእኛ ሰው ምን እንደሆነ ያውቃል። ሳህኑን አልተቀበልኩም።

«መቼ ነው?»

«ሰኞ ማታ።»

«የት ነው ያለው?»

«ዛሬ ጠዋት ቀበርነው። የኮሮና አስከሬን አናቆይም አሉ። ለመንናቸው፣ ልጄ።»

ሰኞ ማታ። ደህና ነው ሲሉኝ ሞቶ ነበር። ፖሊሱ ሲሞት ና ሲለኝ ሞቶ ነበር።

«ብትነግሩኝ ፐርሚቱን ማክሰኞ አገኝ ነበር» አልኩ። «ማክሰኞ ማታ እዚህ እደርስ ነበር። አፈር እጥልበት ነበር።»

«መርዶ በስልክ ይነገራል? ብቻህን፣ በሰው አገር፣ መኪና ላይ? ብትወድቅ ማን ያነሳሃል? ሰው ተሰብስቦ፣ ይዞህ ሊነግርህ ነው። ፐርሚቱን አላሰብነውም።»

«እኔ ደወልኩልዎት እኮ፣ ጋሼ። ካልሞተ አይፈቀድም ይላሉ አልኩዎት። ፖሊስ ፊት ምዬ፣ ዋሸሁ ብዬ መንገዱን ሁሉ ንስሐ ስገባ ነው የመጣሁት።»

አለቀሱ። ሽማግሌ ሲያለቅስ አይቼም ንዴቴ አልበረደም። አሁንም አልበረደም። አንዱ ልጅ በስልኩ የቀረጸውን ቀብር ከፈተልኝ። ነጭ ፕላስቲክ የለበሱ አራት ሰዎች ይታያሉ፣ ፊታቸው አይታይም። ዘጋሁት።

«ለእናትህ እንዳትደውል» አሉኝ ጋሽ ኤርሲዶ በመጨረሻ። «ሽማግሌዎች ቤት ድረስ ሄደው ይነግሯታል። እዚያም መሰብሰብ ስለተከለከለ ይህ እሑድ ካልሆነ የሚቀጥለው።» ከእነሱ ጋር አልቀመጥም ብዬ በማግስቱ ወደ ቴምቢሳ ተመለስኩ። ሁለት ሳምንት እሷም እንደ እኔ እየተዋሸች አትኖርም አልኩ።

ዓርብ ጠዋት ደወልኩላት። ያወራነው በሀዲይኛ ነው።

«የታምራት ስልክ አይሠራም» አለች፣ ገና ሰላም ሳልላት። «አራት ቀን ሆነው።»

«ሞቷል፣ እማ። ሰኞ ማታ። ቀብረውታል፣ እኔ አልደረስኩም።»

ሌላ ብዙ ነገር ልላት አስቤ ነበር። አልመጣልኝም። እሷም አልጮኸችም።

«አጠገብህ ማን አለ?» አለች።

«ማንም የለም። ሱቅ ውስጥ ነኝ።»

«እኔም ጋ ማንም የለም። ሰዉ ሁሉ እርሻ ወርዷል።»

አጠገቧ ሰው መኖሩን ሳልጠይቅ ነው የነገርኳት። ጋሽ ኤርሲዶ ልክ ነበሩ አልልም፤ በፍጹም አልልም።

«ሰው ልጥራልሽ፣ እማ?» አልኳት፣ ከቴምቢሳ ሆኜ ማንን እንደምጠራ ሳላውቅ።

«ተው። ስልኩን ብቻ አትዝጋው።»

አልዘጋሁትም። ስልኩን የሆነ ነገር ላይ ስታስቀምጠው ሰማሁ። በሩ ተከፈተ። የጎረቤታችንን ስም ተጣራች፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ፣ አንድ ሰው አቤት እስኪላት ጠበቅሁ።