ነጭ ከነጭ አይጎራበትም

ሞጣ ገበያ፣ ከዋርካው ሥር ለመቀመጥ ሕግ ነበረን። የጻፈው የለም፤ እኛው ሴቶቹ ያወጣነው ነው። ግንዱን ጀርባችን አድርገን ዙሪያውን እንቀመጣለን። ነጭ ሽንኩርት የያዘች ከነጭ ጎን አትቀመጥም፤ ቀይ የያዘችም ከቀይ ጎን። ነጭ፣ ቀይ፣ ነጭ፣ ቀይ እያለ ዞሮ ይገጥማል። ሁለት ነጭ ጎን ለጎን ከዋሉማ ገዢ መሐል ላይ ቆሞ «ያቺ ትመርቅልኛለች» እያለ ያፋጃቸዋል፤ ሲመሽም ሳይሰነባበቱ ይለያያሉ። ነጭና ቀይ ግን ይመራረቃሉ። ከእኔ የገዛችውን «ቀዩን ደግሞ ከእህቴ ውሰጂ» እላታለሁ፤ ያቺም ቀዩን ሸጣ ወደ እኔ ትሰድልኛለች።

ያቺ እህቴ የምላት በቀኜ የምትቀመጠው ባለ ቀይ ሽንኩርት ናት። አበልጄ ናት፤ ሴት ልጄን ክርስትና ያነሳችልኝ። የእኔ እግር አያርፍም። አንድ ሰሞን ቢቸና ወንድ ልጄ ዘንድ ነኝ፣ ሌላ ሰሞን ሞጣ ሴት ልጄ ዘንድ፤ ነጭ ሽንኩርቴንም የማመጣው ከቢቸና ነው። በሌለሁ ጊዜ ቦታዬ ላይ ድንጋይ አስቀምጣ «ባለቤት አለው» እያለች የምትጠብቅልኝ አበልጄ ነበረች።

ስድስት ነበርን። ታዲያ የአበልጄ ልጅ ባሏ ጥሏት፣ ጨቅላ ታቅፋ ከአዲስ አበባ ተመለሰች። እናቷ በእኔና በእሷ መሐል አስቀመጠቻት። ነገሩ አልገጥም ያለው ይኼን ጊዜ ነው። ልጅቱ ነጭ ብትይዝ ከእኔ ትጋጫለች፣ ቀይ ብትይዝ ከእናቷ። አንዷን ወዲያ፣ አንዷን ወዲህ እያልን ብናዛውርም የሆነ ቦታ ላይ ሁለት ነጭ ወይም ሁለት ቀይ ይገናኛሉ። ሰባት ሴት በሁለት ዓይነት ሽንኩርት አይዞርም። ሌላ ነገር የምትይዝ አንዲት ሴት ያስፈልጋል።

«አንቺ ያዢልን» አለችኝ አበልጄ። «ጥቁር አዝሙድ ያዢ። አገር ላገር የምትዞሪ ነሽ፣ ከቢቸና ማምጣት አያቅትሽም።»

«ልጅሽስ ለምን አትይዝም?»

«እሷ አዝሙድ ከአፈር መቼ ትለያለች! ነጭ ሽንኩርት እንደሆነ ራሱን ይሸጣል። ደግሞ ለዘላለም አይደለም። ስምንተኛ ሴት የመጣች ቀን ዙሩ ይገጥማል፣ ያኔ ወደ ነጭሽ ትመለሻለሽ። በክርስትና ልጄ ይዤሻለሁ!»

በልጄ ከተያዝኩ በኋላ ምን እላለሁ? ጥቁር አዝሙድ ያዝኩ። ደንበኞቼን «የእኔው ልጅ ናት፣ አትምረጡ» እያልኩ ለልጅቱ አስረከብኩ። አዝሙድ እንደ ሽንኩርት አይሄድም፤ አንዳንድ ገበያ እንዳመጣሁት ተሸክሜው እገባለሁ። ልጅቱ ስትሸጥ ጨቅላውን የማዝለው እኔ ነበርኩ። ይኼም ያልፋል፣ ስምንተኛዋ ትመጣለች እል ነበር።

ቢቸና ሳለሁ፣ ገበያ ላይ በግራዬ የምትቀመጠው አሮጊት፣ ሌላኛዋ ባለ ቀይ፣ ስልክ ደወለችልኝ።

«እታለም፣ አዲስ ሴት ልትመጣ ነው አሉ። ነጭሽን ይዘሽ ነይ!»

ደስታዬን ምን ልበላችሁ። አንድ ጆንያ ሙሉ ነጭ ሽንኩርት፣ ራሱ የደረቀውን፣ ጥርሱ የሞላውን መርጬ ሚኒባስ ላይ አስጫንኩ። ጉንደ ወይን ላይ ቆመን ስንቆይ እንኳ ሹፌሩን «ቶሎ በል፣ ቦታዬ ይጠብቀኛል» አልኩት።

ስደርስ ድንጋዬ የለም። ቦታዬ ላይ አንዲት የማላውቃት ሴት ጥቁር አዝሙድ ዘርግታ ተቀምጣለች።

አበልጄ ቀና አላለችም። «ዙሩ ገጥሟል እኮ» አለች። «አንቺ ዘዋሪ ነሽ፤ ቢቸና ቀርታለች ብዬ ቦታሽን ሰጠኋት።»

«ኧረ እኔ ባለቤት የለውም ተብዬ ነው» አለች አዲሷ፣ ደንግጣ።

ጆንያዬን አወረድኩ። ዙሩን በዓይኔ ተከተልኩት፤ አሮጊቷ ቀይ፣ አዲሷ አዝሙድ፣ የአበልጄ ልጅ ነጭ፣ አበልጄ ቀይ...

«በአሮጊቷና በአዲሷ መሐል ነጭ ይገባል» አልኩ። «ከቀዩም አይጋጭ፣ ከአዝሙዱም አይጋጭ። ከልጅሽም አልጎራበትም።»

ሴቶቹ ሁሉ እንደ እኔው በዓይናቸው ዞሩ። አሮጊቷ ጆንያዋን ጎተት አደረገች። «እውነቷን ነው፣ ይገባል። ጠጋ በይ፣ አንቺ!» አለቻት አዲሷን።

ያኔ ነው አበልጄ የተቆጣችው። «መግባቱ መች ጠፋኝ! ደንበኛው ልጄን ለምዷል። አሁን እሷ ስትመጣ ሊበተንባት ነው?»

እስከዚያ ድረስ ተሳስታ ነው እል ነበር። ዙሩ አደናግሯት፣ ቸኩላ፣ እንዲህ እያልኩ ምክንያት ስፈልግላት ነበር።

«ያመኑት ፈረስ...» አለች አሮጊቷ፤ አልጨረሰችውም።

ተቀመጥኩ። ጨቅላው ድምፄን ሰምቶ በአዲሷ ሴት በኩል እጁን ሰደደልኝ። እናቱ እኔን ሳታይ ወደ ሌላ ጎን አዞረችው። ወዲያው የጥንት ደንበኛዬ፣ ለአስተማሪዎቹ ምግብ የምታበስለው ሴት፣ መጣች። አየችኝና ፈገግ ብላ ጎንበስ ልትል ስትል ከግንዱ ማዶ የአበልጄ ድምፅ መጣ።

«ከልጄ ውሰጂ! የቢቸና ነው!»

የቢቸናው ጆንያ ፊቴ ነው፤ አፉ እንኳ ገና አልተፈታም። ሴትዮዋ ትንሽ ቆማ አመነታችና ወደ ልጅቱ ሄደች።

ሲመሽ ልጄ ቤት ገባሁ። ለእሑድ ድግስ ልታሰናዳ ካመጣሁት ሽንኩርት ትልጣለች።

«እማ፣ ክርስትና እናቴን ለእሑድ ጠራሽልኝ?»

«አልጠራኋትም።»

«ምነው፣ አልመጣችም እንዴ? ደህና አይደለችም?»

ከጎኗ ተቀምጬ አንድ ራስ አነሳሁ። አፌ ላይ ብዙ ነገር መጥቶ ነበር። ግን ልጄን ክርስትና ያነሳቻት እሷ ናት።

«ግንዱ ከልሎኝ ፊቷን አላየሁትም» አልኳት። «ድምፅዋ ግን ደህና ነው።»