ለአቶ ጥሩነህ ያልተረጎምሁት ቃል

ይህን ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴም አልነገርኋት። እናንተ ስሙኝ።

እንጅባራ፣ በአንድ የምርምር ላቦራቶሪ የዕቅድና ኮሙኒኬሽን ባለሙያ ነበርሁ። ስትራቴጂክ ዕቅዱን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ገበሬው ለከሰል የሚተክለውን ዲከረንስ የተባለ ዛፍ በየቀበሌው እናስፋፋለን አልሁ። በአዲስ ቅዳም ዙሪያ የሚኖሩትን አቶ ጥሩነህን በአርአያነት መርጬ ፎቷቸውን የመጽሔታችን ሽፋን ላይ አወጣሁ። እንግዶች ማሳቸውን ሊጎበኙ ሳምንት ሲቀር ዛፎቹ ቢጫ እየሆኑ ይደርቁ ጀመር።

ተመራማሪዋ ሰላማዊት ናሙናውን ከመረመረች በኋላ አብረን ሄድን። እሷ አዊኛ አትሰማም፤ የአቶ ጥሩነህ አማርኛ ከሰላምታ አያልፍም። አስተርጓሚው እኔ ነበርሁ።

"በሽታው ተዛማች ነው። የታመመው ዛሬውኑ ተቆርጦ ይቃጠል፤ በቀረው መሬታቸውም እንዳይተክሉ ንገርልኝ" አለችኝ።

እኔ ምን አልኋቸው? ውርጭ ነው፣ ያገግማል አልኋቸው። የጤፍ ማሳዬም ላይ ልትከል ወይ ብለው ሲጠይቁኝ፣ ይትከሉ ትላለች አልሁ። እሷ አላለችም። እኔ አልሁ። ጉብኝቱ እንዳይበላሽ፣ ዕቅዴ እንዳይታጠፍ ብዬ አልሁ። አባቴ ቢሆኑ ኖሮ እንዲህ እላቸው ነበር?

ጉብኝቱ አማረ፤ ተጨበጨበልኝ፤ የክፍል ኃላፊ ሆንሁ። ሁለት ክረምት ሳያልፍ የአቶ ጥሩነህ ማሳ ከዳር እስከ ዳር ደረቀ፤ የጎረቤቶቻቸውም ተከተለ። አቶ ጥሩነህ ላቦራቶሪው ድረስ መጥተው ሰላማዊት ፊት ቆሙ።

"አምኜሽ ነበር፤ ለምን ትከል አልሽኝ በልልኝ" አሉኝ በአዊኛ።

ወደ እሷ ዞሬ፣ ምክርሽን ባለመስማታቸው ተጸጽተዋል አልኋት። እጃቸውን ይዛ አለቀሰች። እሳቸው እንባዋን የጥፋተኛ እንባ አድርገው ቆጥረውት ሄዱ።

መሬታቸውን አከራይተው ዳንግላ በቀን ሥራ ከረሙ። እዚያው ታመው ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ቆሜአለሁ። ባለቤታቸው በአዊኛ ሲያለቅሱ ያቺን የላቦራቶሪ ሴት ረገሟት። ከቆመው ሰው ሁሉ እውነቱን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ። ከለቀስተኛው ጋር አፈር መልሼ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ባለፈው ዓመት ሰላማዊት ደወለችልኝ። ሥራውን ትታ ራቅ ካለ አገር ትኖራለች። "የዚያን ቀን የነገርኋቸው በደንብ ገብቷቸው ነበር? እስከ ዛሬ ይከነክነኛል" አለችኝ። ኔትወርኩ ጥሩ ነበር፤ አልሰማሁም ማለት አልችልም። ልናዘዝላት ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

"ገብቷቸው ነበር። እምቢ ያሉት እሳቸው ናቸው" አልኋት።

በሞተ ሰው ላይ ነው ይህን ያልሁት። ያዘዘኝ አለቃ የለም፤ ያስገደደኝ የለም። ይቅር በሉኝም አልላችሁም፤ ይቅር ማለት የእናንተ አይደለም፣ የሁለት ሰዎች ነው። አንደኛው መቃብር ውስጥ ናቸው። የሁለተኛዋ ቁጥር ስልኬ ውስጥ አለ። አልደወልሁም። ነገ እደውላለሁ ብዬም አልዋሻችሁም።